ስካይ ጌም ላይ ክንፍ ማሳደግና የተደበቁ ብርሃኖችን ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ስካይ፦ ቺልድረን ኦፍ ዘ ላይት» የሚባለውን፣ ካባ ለብሳችሁ እየበረራችሁ ከሌሎች ጋር ዓለም የምትዞሩበትን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ደግመው ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስቤያለሁ፤ ከቀላሉ ተነስቼ ወደሚያስቸግረው እሄዳለሁ።

ዊንግድ ላይት ምንድን ነው? ባልሰበስበውስ?

በየቦታው ቆመው የሚያበሩ፣ የትንሽ ልጅ ቅርጽ ያላቸው ብርሃኖች ታያላችሁ። ዊንግድ ላይት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ስትነኳቸው የእናንተ ይሆናሉ። የተወሰነ ቁጥር ሲሞላ ደግሞ ካባችሁ ላይ አንድ ተጨማሪ የክንፍ እርከን ይከፈታል። እርከን በጨመረ ቁጥር ሳታርፉ ክንፋችሁን የምታርገበግቡበት ጊዜ በአንድ ይጨምራል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዊንግድ ላይት የምታገኙት ጌሙ የሚጀምርበት አይል ኦፍ ዳውን ላይ ነው። ካባውንም የሚሰጣችሁ እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት መሮጥና መዝለል ብቻ ነው ያላችሁ።

ባትሰብስቡ ጌሙ አይቆምም። ታሪኩን በጥቂት ክንፍም መጨረስ ይቻላል። ግን ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ መውጣት ያቅታችኋል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኤደን ውስጥም የምትሰጡት ነገር ያጥራችኋል። እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ጌሙ በነጻ ነው? ክንፍ ለማሳደግ ገንዘብ ማውጣት አለብኝ?

በነጻ ነው። የሠራው ዛትጌምካምፓኒ የሚባል ድርጅት ሲሆን በ2019 መጀመሪያ ለአይፎንና ለአይፓድ ወጣ። በ2020 ለአንድሮይድ፣ በ2021 ለኒንቴንዶ ስዊች፣ በ2022 ለፕሌይስቴሽን፣ በ2024 ደግሞ በስቲም በኩል ለኮምፒውተር ደረሰ። በየትኛውም መሣሪያ ብትገቡ የምትገናኙት ከሁሉም ተጫዋች ጋር ነው።

ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ነገሮች በአብዛኛው ልብስ፣ ጸጉር፣ ካባ፣ የሲዝን (ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ልዩ ምዕራፍ) ፓስ የመሳሰሉት ናቸው። ክንፍ ግን ዞራችሁ ፈልጋችሁ የምታመጡት ነው። ለመብረር ብላችሁ ምንም እንዳትገዙ።

ተጨማሪ ብርሃን እየሰበሰብኩ ነው፤ ክንፌ ግን አያድግም። ለምን?

ምክንያቱም እርከኖቹ እኩል አይደሉም። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይከፈታሉ፣ በኋላ ይርቃሉ። የመጀመሪያዎቹ አሥር እርከኖች የሚከፈቱት በ1፣ በ2፣ በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ35፣ በ55፣ በ75፣ በ100 እና በ120 ብርሃን ነው። ስለዚህ 36 ብርሃን ያለውና 54 ብርሃን ያለው ሰው ክንፋቸው እኩል ነው። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ መሀል ላይ ነው፤ ከ35 እስከ 55 ያለው ርቀት የማያልቅ ይመስላል።

በእኔ ግምት ሰባት ወይም ስምንት እርከን ካላችሁ ለዕለት ተዕለት ጨዋታ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ያለው ምቾት ነው። ያለዚያ መድረስ የማትችሉት ቦታ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የክንፍ ብዛት አይደለም፣ አበራረር ነው።

ስበር ጉልበቴ ወዲያው ያልቃል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ሁለት የአበራረር ዓይነት አለ፤ ብዙ ጀማሪ ልዩነቱን ሳያስተውል ይቆያል። አንዱ መንሳፈፍ ነው። ሰውነታችሁ ተዘርግቶ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ፣ ስታርገበግቡ ወደፊት ይገፋችኋል። ሁለተኛው ማንዣበብ ነው። ቀጥ ብላችሁ አየር ላይ ትቆማላችሁ፣ ስታርገበግቡ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ከፍታ ስትፈልጉ በመንሳፈፍ ላይ ሆናችሁ ደጋግማችሁ ካርገበገባችሁ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ፊት ይባክናል። ርቀት ስትፈልጉ ደግሞ እያንዣበባችሁ ከሄዳችሁ ትንፏቀቃላችሁ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እያንዣበባችሁ የምትፈልጉትን ከፍታ ያዙ። ከዚያ ወደ መንሳፈፍ ቀይሩና አፍንጫችሁን ትንሽ ወደ ታች አድርጋችሁ ሂዱ። ዝም ብሎ መንሳፈፍ የክንፍ ጉልበት አይበላም፤ የሚበላው ማርገብገብ ነው። ጉልበታችሁን ለመጨረሻው ሜትር አስቀምጡት፣ ማለትም ልታርፉበት ያሰባችሁት ገደል ጫፍ ላይ ልትደርሱ ጥቂት ሲቀራችሁና ዝቅ ማለት ስትጀምሩ ያኔ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አርገብግቡ። መነሻው ላይ ሁሉንም አራግፎ ከዚያ እየወረዱ መሄድ ነው ሰውን ሁሉ ገደል ሥር የሚጥለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራውን አዙሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የምታርፉበትን ቦታ አይታችሁ፣ መሀል ላይ ደመና ወይም መብራት ካለ አስተውላችሁ ተነሱ። ከተነሱ በኋላ መንገድ መፈለግ ውድ ነው።

ጉልበቴ ሲያልቅ በምን እሞላለሁ?

በብርሃን። ፋኖስና የበራ ሻማ አጠገብ ስትቆሙ ይሞላል። ነጭ ደመና ውስጥ ስትገቡ ይሞላል። ቢራቢሮዎች፣ ወፎች፣ ማንታዎች (ሰማይ ላይ የሚበሩ ጠፍጣፋ ዓሣ መሰል ፍጥረታት) እና ጄሊፊሾች ሲነኳችሁ ይሞላል። ሌላ ተጫዋች አጠገባችሁ ከሆነም እርስ በርስ ትሞላላችሁ። ይሄ የመጨረሻው ነው ብዙ ሰው የማይጠቀምበት። አንድ የማታውቁት ሰው ከጎናችሁ እየበረረ ከሆነ አትራቁት፣ ተጠጉት፤ ሁለታችሁም ብቻችሁን ከምትደርሱበት ርቃችሁ ትሄዳላችሁ።

ከየት ልጀምር? ቅደም ተከተል አለው?

ጌሙ ሰባት ዓለሞች አሉት፦ አይል ኦፍ ዳውን፣ ዴይላይት ፕሬሪ፣ ሂድን ፎረስት፣ ቫሊ ኦፍ ትራያምፍ፣ ጎልደን ዌስትላንድ፣ ቮልት ኦፍ ኖውሌጅና አይ ኦፍ ኤደን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። ዳውንና ፕሬሪ ላይ የሚጎዳ ነገር ማለት ይቻላል የለም፣ አየሩም ክፍት ነው፤ መብረር የምትለማመዱት እዚያ ነው። ፎረስት ዝናቡን ያመጣል። ቫሊ ፍጥነት ነው። ዌስትላንድ ሲደርስ አደጋው ይጀምራል።

ፕሬሪ ላይ ጊዜ ውሰዱ እላለሁ። በጣም ሰፊ ነው። ዋናው መንገድ ግን በቀጥታ ወደ ቤተ መቅደሱ ስለሚወስድ ሰው ግማሹን ሳያይ ያልፋል። ሳንክቹዋሪ አይላንድስ የሚባሉትን ደሴቶች ሳያውቅ ወራት የተጫወተ ሰው ብዙ ነው።

አካውንቴን ማያያዝ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፤ ግን ዛሬውኑ አያይዙት። እንግዳ ሆናችሁ ከተጫወታችሁ ስልኩ ሲበላሽ ወይም ጌሙን ስታጠፉት የሰበሰባችሁት ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በጉግል፣ በአፕል ወይም በሌላ በሚፈቀደው መንገድ ማያያዝ ይቻላል፣ ሴቲንግ ውስጥ ነው ያለው። የጓደኞቻችሁም ዝርዝር እዚያው ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ከክንፉ በላይ የሚያስቆጭ ነው።

የቀሩኝን ብርሃኖች እንዴት ነው የማገኘው?

ሁለት መንገድ አለ፣ ዓይንና ካርታ።

በዓይን የምትፈልጉ ከሆነ ጌሙን የሠሩት ሰዎች የሚደብቁበት ልማድ እንዳላቸው ትደርሱበታላችሁ። አዲስ ቦታ ስትገቡ መጀመሪያ ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ያለውን እዩ፤ ሁሉም ሰው ወደ ፊት ስለሚሮጥ መግቢያው ጀርባና ከመግቢያው በላይ ያለው ጥሩ መደበቂያ ነው። ከዚያ ከፍተኛውን ነጥብ ፈልጉ፣ የግንብ ጫፍ፣ የተሰበረ ድልድይ ራስ፣ የዛፍ አናት። ከዚያ ተቃራኒውን፣ ድልድይ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ፣ ፏፏቴ ጀርባ፣ ደሴት ሆዱ ሥር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዳር ዳሩን፤ ደመናው የዓለሙ መጨረሻ የሚመስልበት ቦታ ሁልጊዜ መጨረሻ አይደለም። ነፋሱ መልሶ ካልገፋችሁ ገና መሄድ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎችን አትርሱ። ዋናው ታሪክ የማያደርሳችሁ፣ ስለዚህም አውቃችሁ ካልሄዳችሁ የማታዩዋቸው ቦታዎች አሉ። ፕሬሪ ላይ የጠቀስኳቸው ደሴቶች፣ ፎረስት ላይ የዛፍ ቤቱ፣ ቫሊ ላይ ቪሌጅ ኦፍ ድሪምስና ከሱ የሚቀጥለው ኸርሚት ቫሊ፣ ዌስትላንድ ላይ ፎርጎትን አርክ የሚባለው ቦታ። ቁጥራችሁ ሁልጊዜ ከሚጠበቀው የሚያንስ ከሆነ እነዚህን ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው።

ካርታው ደግሞ ማፕ ሽራይን የሚባለው ነው። በየዓለሙ ውስጥ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። ሄዳችሁ ስትነኩት አካባቢውን ከላይ ያሳያችሁና የትኛው ብርሃን እንደተወሰደ፣ የትኛው እንደቀረ ትለያላችሁ። የእኔ ምክር፦ አንዴ በራሳችሁ ዓይን ዞራችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ ነው ካርታው። መጀመሪያ ካርታውን ካያችሁ ጌሙ ዕቃ ለቀማ ይሆናል፣ ቦታውንም አታውቁትም። ቦታውን አለማወቅ ደግሞ ከኤደን በኋላ ይቆጫችኋል።

ሁለት ሰው ካልሆነ የማይከፈት በር ፊት ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ?

ጠብቁ። ቀልዴን አይደለም። ሌላ ተጫዋች ያልፋል። የማታውቁት ሰው መጀመሪያ እንደ ጥቁር ጥላ ነው የሚታያችሁ፤ ሻማችሁን አውጥታችሁ ስትሰጡትና እሱም ሲቀበል ገጽታው ይገለጣል። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆማችሁ ጥሩት፣ በምልክት ጠቁሙት። አብዛኛው ሰው ወዲያው ይገባዋል። በጽሑፍ ማውራት ካስፈለገ አግዳሚ ወንበር ፈልጋችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ጓደኛ ሳትሆኑም እዚያ ላይ መጻጻፍ ይቻላል።

ፕሬሪ ውስጥ ስምንት ሰው የሚፈልግ በርም አለ። ይሄኛው ከባድ ነው፣ በአጋጣሚ ስምንት ሰው አንድ ቦታ አይሰበሰብም። ጓደኞች ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም አራት አምስት ሆናችሁ እዚያው ቁጭ በሉና ጥሪ እያሰማችሁ ጠብቁ። ሰው የተሰበሰበበትን ሌላ ሰው ይጠጋዋል።

ፎረስት ውስጥ ዝናቡ ሁሌም ያጠፋኛል። እንዴት ነው የሚታለፈው?

ዝናቡ ጉልበታችሁን እየበላ ነው፤ ስለዚህ ፎረስት ላይ ረጅም በረራ አታስቡ። ከመጠለያ ወደ መጠለያ ሂዱ። ጣራ ያለው ነገር፣ ትልቅ እንጉዳይ፣ የዛፍ ጉድጓድ፣ የበራ ፋኖስ ሁሉ ያድናል። አንዱ ጋ ስትደርሱ ሙሉ እስክትሆኑ ቁሙ፣ ቀጣዩን በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ሂዱ። ጃንጥላ ካላችሁ አውጡ፣ ሥራው ይሄው ነው። ከሰው ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ተጠጋግታችሁ ተጓዙ።

የቫሊ ውድድር ላይ ካላሸነፍኩ የሚቀርብኝ ነገር አለ?

ክንፍን በተመለከተ የለም። ቫሊ ላይ በመንሸራተትም በመብረርም የሚሄዱበት ውድድር አለ፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ብርሃን መልቀም ነው ዋናው ነገር። ማሸነፍ ደስ ይላል፤ መጨረሻ መውጣት ግን በር አይዘጋባችሁም።

ችግሩ ሌላ ነው። ፍጥነቱ ስለሚያስደስት ሰው ዊንግድ ላይት አጠገብ አልፎ ይሄዳል፣ ቁልቁል የወረደውን መልሶ መውጣት ደግሞ አድካሚ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዱን ለደስታ ተወዳደሩ። ሌላውን ቀስ ብላችሁ፣ ዳር ዳሩን ይዛችሁ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ እያቆማችሁ ሂዱ። የበረራውን መንገድ ስትደግሙ ቀለበቶቹን ትታችሁ ከላይም ከታችም እዩ።

ዌስትላንድ ላይ ትልቁ ዘንዶ ክንፌን አስጣለኝ። እንዴት ነው የማመልጠው?

ተጫዋቾች ክሪል ነው የሚሉት። ግንባሩ ላይ ትልቅ መብራት አለው፣ በአንድ መንገድ እየተመላለሰ ይጠብቃል። መብራቱ ሰማያዊ ከሆነ እየፈለገ ነው። ቀይ ከሆነ አግኝቷችኋል፣ ሊመታችሁ እየመጣ ነው። ከመታችሁ ብርሃናችሁ ይጠፋል፣ ዊንግድ ላይቶቻችሁም ይበተናሉ።

መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ምንም አለማድረግ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የተከለለ ቦታ ቁሙና አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር እዩት። መንገዱ አይቀያየርም። ጀርባውን ሲሰጣችሁ ሂዱ፣ ሲዞር ግቡ። የት ነው የሚገባው? ቱቦ ውስጥ፣ የመርከብ ስብርባሪ ሥር፣ ትልልቅ አጥንቶች መሀል። ከላይ የሚሸፍን ነገር መኖሩ ነው ቁም ነገሩ። መብራቱ ቀይ ከሆነ ደግሞ በክፍት ሰማይ ለማምለጥ አትሞክሩ። እሱ ከእናንተ ይፈጥናል። በአቅራቢያችሁ ያለው ጣራ ሥር ግቡ፣ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ቢሆንም እንኳ።

እዚህ ዓለም ላይ በአየር ከመሄድ በእግር መሄድ የሚሻልበት ቦታ ብዙ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ጥቁሩ ውሃ። እሱም ብርሃናችሁን ያጠፋል፤ ብርሃናችሁ ጠፍቶ ሳለ ክሪል ቢመታችሁ ጉዳቱ ይደራረባል። ከውሃው ወጥታችሁ መብራት አጠገብ ሙሉ ሳትሆኑ ወደ ክሪሉ ሜዳ አትውጡ።

ሸርጣኖቹስ?

ሸርጣን ቀላል ነው። የራሳችሁን ገጸ ባሕርይ ተጭናችሁ ስትቆዩ የሚወጣው ረጅሙና ከባዱ ጥሪ ይገለብጣቸዋል። ወደ እናንተ ሲንደረደር አትሩጡ፤ ቆማችሁ አስጠጉትና ጥሩበት። ተገልብጦ እግሩን ሲያወራጭ እለፉ። ሁለት ሦስት ከሆኑ አንድ ላይ እስኪቀርቡ ጠብቁ፣ በአንድ ጥሪ ሁሉም ይወድቃሉ።

የጠፋብኝ ብርሃን ይመለሳል?

ሲበተኑ ወዲያው አይጠፉም። ለጥቂት ጊዜ አካባቢያችሁ ላይ ይንሳፈፋሉ። ስትመቱ መጀመሪያ ዙሪያችሁን እዩና ልቀሟቸው፤ ሰው ግን ደንግጦ ይሮጣል። ለማንሳት ስትሄዱ ክሪሉ እንዳይደግማችሁ መብራቱ ወዴት እንደዞረ ግን እዩ። ያመለጧችሁ ወደነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ፣ ሄዳችሁ እንደገና ትወስዷቸዋላችሁ። ስለዚህ አትናደዱ፤ ካርታው ላይ «ያልተወሰደ» ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ኤደን ሁሉን ነገር ይወስድብኛል አሉ። ታዲያ ለምን እገባለሁ?

እውነት ነው፣ ይወስዳል። ኤደን ውስጥ ድንጋይ ሆነው የቀሩ ልጆች ሐውልቶች አሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ዊንግድ ላይት ትሰጣላችሁ፣ እስኪያልቅባችሁ። ከዚያ ታልፉና ዳግም ትወለዳላችሁ፣ ዳውን ላይ እንደገና ትነሳላችሁ። ከየዓለሙ የለቀማችኋቸው ብርሃኖችም በየቦታቸው እንደገና ይጠብቋችኋል። በለውጡ የምታገኙት አሴንድድ ካንድል የሚባለውን ሻማ ነው፤ በተራው ሻማ የማይገዙ ነገሮች በሱ ይገዛሉ።

ከነዚያ ነገሮች ውስጥ የሚበልጠው ቋሚ ክንፍ ነው። አንዳንድ መንፈሶች (በሻማ ዕቃ የምትገዙባቸው የጌሙ ገጸ ባሕርያት) በአሴንድድ ካንድል የሚሸጡት ዊንግድ ላይት አለ፣ ኤደን እሱን አይወስድባችሁም። ማለትም እያንዳንዱ የኤደን ጉዞ የሚቀጥለውን መነሻ ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ሰው አሴንድድ ካንድሉን መጀመሪያ ካባ ላይ ያጠፋዋል። እኔ ቋሚ ክንፉን አስቀድሙ ባይ ነኝ፤ ካባው የትም አይሄድም።

ሽልማቱ በሳምንት አንዴ ነው የሚታደሰው፣ እሑድ ሲገባ፣ በሎስ አንጀለስ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድን ሐውልት ሁለቴ ማዳን ተጨማሪ አያስገኝም። ያላዳናችሁት ካለ ግን በዚያው ሳምንት ተመልሳችሁ እሱን ማዳን ትችላላችሁ። ስለዚህ በጥቂት ብርሃን ከመቸኮል ሰብሰብ አድርጋችሁ አንዴ ብትገቡ ይሻላል።

ኤደን ውስጥ ሐውልቶቹ ጋ ሳልደርስ ነው ብርሃኔ የሚያልቀው። ምን ልቀይር?

ይሄ ከሁሉም የሚያስቸግረው ጥያቄ ነው። ኤደን ሐውልቶቹ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ይፈትናችኋል፦ ነፋሱ፣ የሚወድቁት ቀይ ድንጋዮችና መንገድ ላይ የሚዞሩት ክሪሎች።

ነፋሱ በተራ ነው የሚመጣው። ይነፍሳል፣ ይበርዳል፣ ይነፍሳል። ሲነፍስ ወደ ፊት መግፋት ጉልበት ማባከን ነው፤ ተነቅላችሁ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። የድንጋይ ከለላ ጀርባ ቁሙ። ሲበርድ ወደ ቀጣዩ ከለላ ሩጡ። ለመብረር አትሞክሩ፣ አየር ላይ ከሆናችሁ ነፋሱ እንደፈለገ ይጥላችኋል።

ድንጋዮቹ ዊንግድ ላይት ያስጥላሉ። ሰማዩ ቀላ ብሎ መውደቅ ሲጀምሩ ጣራ ያለው ቦታ ካላችሁ ቆዩ፤ ከሌላችሁ አትቁሙ፣ ወደሚቀርበው ከለላ ሂዱ። ሜዳ መሀል ላይ ቆሞ ማሰብ ነው የሚያስመታው። ክሪሎቹን በተመለከተ ዌስትላንድ ላይ የተማራችሁት እንዳለ ይሠራል፦ ዙሩን እዩ፣ ጀርባውን ሲሰጥ ሂዱ።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። እዚያ መትረፍ አይደለም ዓላማው፣ ማድረስ ነው። መጀመሪያ ያገኛችሁት ሐውልት ላይ ተጣብቃችሁ አትቆዩ። መንገዱን በዓይናችሁ ያዙ፣ ድንጋይ የማይደርስባቸው ማዕዘኖች ላይ ያሉትን እየሰጣችሁ እለፉ፣ በየመብራቱ ራሳችሁን ሙሉ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለ በጣም ይረዳል፤ ብርሃናችሁ ሲጠፋ ሌላው መልሶ ይለኩስላችኋል።

ከኤደን በኋላ እንደገና መሰብሰብ አድካሚ ነው። ማፋጠኛ አለ?

አለ። ጓደኛ እጅ ያዙ። ጥሩ የሚበር ጓደኛ እጃችሁን ይዞ ሲሄድ እናንተ ምንም መንካት አይጠበቅባችሁም፤ በጎን ቡና እየጠጣችሁም ዓለሙን ይዞራችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ብዙ ብርሃን ተቀራርቦ ከሚገኝባቸውና አደጋ ከሌለባቸው ቦታዎች ጀምሩ፤ ዳውንና ፕሬሪ። ሩቅና ከፍተኛ ያሉትን ክንፋችሁ ካደገ በኋላ ተመለሱባቸው። በሁለት እርከን ክንፍ የቮልትን ከፍታ ለመውጣት መታገል ጊዜ ማቃጠል ነው።

ሌላው አሴንድድ ካንድልን ከኤደን ውጭ ማግኘት ነው። በአንዳንድ ቀናት በየዓለሙ ሻርድ የሚባል ይወድቃል፣ ጥቁርና ቀይ ዓይነት አለው። ጥቁሩ ተራ ሻማ የሚሠራበትን ሰም ነው የሚሰጠው። ቀዩ ነው አሴንድድ ካንድል የሚሰጠው። ኤደን መግባት ባልፈለጋችሁበት ሳምንት በሱ ማካካስ ትችላላችሁ።

ክንፍ በአንዴ የሚያወጡ ሀክ የተደረጉ አፖች አሉ። ልጠቀም?

አይ። ሕጉ አይፈቅድም፣ አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል፣ አፑ ውስጥ ምን እንዳለም አታውቁም። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ካርታው ላይ ያለውን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ጓደኛዬ ግን ከእኔ በጣም ይበልጣል። ምን አመለጠኝ?

ምናልባት ምንም። የጓደኛችሁ ቁጥር ውስጥ ሁለት ነገር ተደምሯል፦ ከዓለሙ የተለቀመውና በአሴንድድ ካንድል የተገዛው ቋሚ ክንፍ። ለረጅም ጊዜ የተጫወተ ሰው የሁለተኛው ይበዛለታል፣ ያ ደግሞ ካርታ ላይ አይገኝም። በየሲዝኑ የሚመጡ መንፈሶች የራሳቸውን ቋሚ ክንፍ ይዘው ስለሚመጡ፣ በዚያ ሲዝን ያልነበራችሁ ከሆነ ያ መንፈስ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ አለባችሁ።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግን አንድ ጎን ያለ ቦታ አምልጧችኋል ማለት ነው። ማፕ ሽራይን የሚያሳየው የተተከለበትን አካባቢ ስለሆነ ያልገባችሁበት ቦታ ላይ ያለውን አያሳያችሁም። በየዓለሙ ገብታችሁ ያልሞከራችሁት በር፣ ያልወረዳችሁበት ዋሻ ካለ ከዚያ ጀምሩ። እኔ ብሆን ፎርጎትን አርክን ነው መጀመሪያ የማየው፤ እዚያ ለመድረስ ክሪሎቹን ማለፍ ስላለ ሰው «በኋላ» ብሎ ይተወዋል።